ሰው አልባው በራሪ ከትእዛዝ ሲወጣ



ሰኔ 27 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 4 ቀን 2019፥ በደቡብ እንግሊዝ ጉድዉድ በሚባለው የአውሮፕላን ማረፊያ፥ ለትርኢት በረራ የተዘጋጀ 95 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው አልባ በራሪ በአብራሪው ትእዛዝ ከመሬት ተነሣና ጥቂት እንደ በረረ ከትእዛዝ ወጣ። አብራሪው የማዘዣውን ዘንግ ቢያንቀሳቅስ የማይመልስለት ሆነ፤ እንዲህ ያለ ክፉ ቀን ሲመጣ ሞተሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲያጠፋ ታስቦ የተሠራው የመጨረሻ ማጥፊያም ቢጫን ምንም ሳያደርግ ቀረ። በራሪው ወደ 8,000 ጫማ፥ ማለት ወደ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ አለ፤ ይህም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ካላት ከፍታ ጋር የሚቀራረብ ነው። ወደ ጋትዊክ አየር ጣቢያ የሚመጡ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ተራቸው እስኪደርስ እየዞሩ ወደሚጠብቁበት የተጠበቀ የአየር ክልል ከገባ በኋላ፥ ባትሪው ተሟጦ ሲያልቅ ወደ ምድር ወደቀ። የወደቀውም ሰብል በተዘራበት ማሳ ላይ፥ ሰዎች ከሚኖሩባቸው ቤቶች 40 ሜትር ያህል ርቆ ሲሆን፥ እንዲበርበት ከተወሰነለት ክልል 700 ሜትር ያህል ውጭ ነበር። ነገሩን የመረመረው የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤት በአውሮፓውያኑ 2021 ባወጣው መግለጫ፥ በራሪው በታወቀ የአሠራር ደረጃ ያልተነደፈ፥ ያልተሠራና ያልተፈተነ፥ የእጅ ሥራውም ጥራት የጎደለው መሆኑን አስታውቋል።

ይህን ታሪክ ያስቀደምሁት ከእናንተ መካከል ይህን የሚያህል በራሪ የሚያዝዝ ሰው ይኖራል ብዬ አይደለም። ለሠርግና ለጥምቀት በዓል ፊልም ማንሻ፥ ለመሬት ልኬት ወይም ለእርሻ ቅኝት በየእጃችን የሚገኘው ድሮን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ነው። ነገር ግን በጉድዉድ ሰማይ የታየው የጥፋት ሥርዓት በትንሹም በትልቁም ላይ አንድ ነው። የመጨረሻው ማጥፊያ በተጫነባት ቅጽበት የሚሠራ ወይም የማይሠራ መሆኑ የተወሰነው አስቀድሞ በራሪው ሲነደፍ፥ ሲገጣጠምና ሲፈተን ነበር። ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ ለማስረዳት የምደክምበትም ጉዳይ ይኸው ነው። ድሮን ከትእዛዝ ሲወጣ የምናየው በአየር ላይ ቢሆንም፥ የሚድንበት ወይም የሚጠፋበት ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው እግሩ ከመሬት ሳይለቅ ነው፤ ደግሞም ከትእዛዝ መውጣት በአንድ ስም ይጠራ እንጂ መንሥኤው ልዩ ልዩ ስለሆነ፥ ለአንዱ የሚበጀው እርምጃ ሌላውን ያከፋዋል።

አስቀድመን የፍጥረቱን ነገር እንመልከት። በየእጃችን ያለው ባለአራት ክንድ ድሮን እንደ አውሮፕላን ሞተሩ ቢጠፋ ተንሸራትቶ የሚያርፍበት ክንፍ የለውም። ሁለቱ ፕሮፔለሮች ወደ ቀኝ፥ ሁለቱ ወደ ግራ ስለሚዞሩ የአንዱ ወገን ጠምዛዥ ኃይል የሌላውን ወገን ይሽረዋል፤ ወደ ፊትም ሆነ ወደ ኋላ የሚሄደው፥ በቦታው ሆኖ ፊቱን የሚያዞረውም፥ የአራቱን ሞተሮች ፍጥነት እርስ በርስ በማበላለጥ ብቻ ነው። ይህን ማበላለጥ የሰው እጅ ፈጽሞ ሊከተለው አይችልም፤ በድሮኑ ሆድ ውስጥ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር፥ ማዘንበልንና መዞርን ከሚለኩ ስሱ መሣሪያዎች ወሬ እየተቀበለ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ያርመዋል። እንግዲህ አብራሪ ነኝ የሚለው ሰው በእውነቱ የሚያዝዘው ሞተሮቹን አይደለም፤ ኮምፒውተሩን ነው፥ ኮምፒውተሩም በተራው ሞተሮቹን ያዝዛል። ትእዛዙ በሰውዬው እጅ ተጀምሮ በነፋሱ ላይ እስኪፈጸም ድረስ በብዙ መጋጠሚያ ያልፋል፤ ከእጅ ወደ ኮምፒውተሩ በሬዲዮ፥ ከዓለም ወደ ኮምፒውተሩ በኮምፓስና በሳተላይት፥ ከኮምፒውተሩ ወደ አየሩ በባትሪና በሞተር ይሄዳል፤ ከነዚህ መጋጠሚያዎች አንዱ ሲላላ ድሮኑ ከትእዛዝ ይወጣል። በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «የትኛው ነው የላላው?» የሚለው ነው።

ሬዲዮውን እናስቀድም። አብዛኞቹ ድሮኖች የሚታዘዙት በ2.4 ወይም በ5.8 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው፤ እነዚህም ሞገዶች ለዋይፋይና ለሌላውም መሣሪያ ሁሉ በነጻ የተተዉ ስለሆኑ በከተማ መካከል የተጨናነቁ ናቸው፤ ከዚህም በላይ አካሄዳቸው ቀጥተኛ ስለሆነ ፎቅ፥ ኮረብታ፥ ቅጠሉ የበዛ ዛፍ፥ የአብራሪው የገዛ ሰውነትም ሳይቀር ይጋርዳቸዋል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ፤ ቀጥ ያለው የሪሞት አንቴና ኃይሉን የሚረጨው ከጎኑ እንጂ ከጫፉ ስላልሆነ፥ የአንቴናውን ጫፍ ወደ ድሮኑ የሚያነጣጥር ሰው ይበልጥ ያገኘሁት መስሎት ደካማውን ወገን ይሰጠዋል።

ሬዲዮው ፈጽሞ ሲቋረጥ ድሮኑ የሚያደርገው አስቀድሞ የታዘዘውን ነው፤ ወይ ወደ ተነሣበት ይመለሳል፥ ወይ ባለበት ተንሳፍፎ ይጠብቃል፥ ወይ ወዲያው ያርፋል። ልጓሟ ከጌታዋ እጅ ያመለጠ በቅሎ ወደ ለመደችው ግቢ እንደምትመለስ ድሮኑም መነሻውን በትክክል ካወቀ ይመለሳል፤ ልዩነታቸው በቅሎዋ ገደሉንና ወንዙን በዓይኗ እያየች መንገዷን ስትመርጥ፥ ድሮኑ ግን ጌታው አስቀድሞ በወሰነለት ከፍታ ቀጥ ብሎ መምጣቱ ነው። እንቅፋት የሚያይ ካሜራ ያለው ዓይነት ቢሆንም እንኳ ቀጭኑን የኤሌክትሪክ ሽቦ ማየት ይሳነዋል፤ ሲጨልም ደግሞ የካሜራው ጥቅም እጅግ ያንሳል። ይህን የመመለሻ ከፍታ ምንም ሳያስቡ ከፋብሪካው እንደ መጣ የሚተዉት ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ይህም በሜዳማ አገር ሊያልፍ ይችል ይሆናል፥ አምባና ሸለቆ በበዛበት በእኛ አገር ግን አያልፍም። ከአምባ ግርጌ ቆሞ ድሮን የሚያስነሣ ሰው የመመለሻውን ከፍታ 60 ሜትር ብሎ ቢወስን፥ ድሮኑም ከአምባው ማዶ ሳለ ሬዲዮው ቢቋረጥ፥ 200 ሜትር የሚቆመው ገደል ፊት ለፊት ይጠብቀዋል፤ ድሮኑ ከፍታውን የሚቆጥረው ከተነሣበት ነጥብ እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት አይደለምና። በጣና ሐይቅ ላይ በጀልባ ሆኖ የሚያበርም ሰው ሌላ ወጥመድ አለበት፤ ድሮኑ መነሻው ብሎ የመዘገበው ነጥብ ጀልባዋ ቀድሞ የነበረችበት ውኃ ስለሆነ፥ እርሷ ወደ ደሴቱ ስትቀዝፍ ድሮኑ በታማኝነት ወደ ሐይቁ ይመለስና ይሰጥማል። ከድልድይ ሥር፥ ከዋሻ ወይም ከአዳራሽ ውስጥ ሲሆን ደግሞ የመመለስ ትእዛዝ ራሱ ጥፋት ነው፤ ለመመለስ መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣልና ጣሪያውን ይመታል፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ሊሰጠው የሚገባው መጠባበቂያ ትእዛዝ «ባለህበት ቁም» የሚለው ነው።

ሬዲዮው በተቋረጠ ጊዜ ሰውዬው ሊያደርገው የሚገባው ጥቂት ነው። ሪሞቱን አያጥፋ፤ ፊቱን ወደ ድሮኑ አዙሮ የአንቴናውን ጎን ይስጠው፤ ከግድግዳና ከመኪና ራቅ ብሎ ወደ ገላጣ ወይም ከፍ ወዳለ ቦታ ጥቂት ይራመድ፤ ሰዓቱን አይቶ ይጠብቅ። ግንኙነቱ ሲመለስ ድሮኑ የመመለሻ ጉዞውን የቀጠለ እንደ ሆነ፥ በመንገዱ ላይ እንቅፋት ካላየ በቀር አይከራከረው።

ወደ ሁለተኛው መጋጠሚያ ስንመጣ፥ ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባውን፥ ጥቂት ሰው ብቻም የሚያውቀውን ነገር እናገኛለን። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ ድሮኑ ያለበትን ቦታና ከፍታ ለማወቅ ቢያንስ የአራቱን ድምፅ መስማት አለበት፤ ያ ድምፅ እዚህ ሲደርስ እጅግ የደከመ ስለሆነ በዓባይ በረሓ ገደሎች መካከልና በመስተዋት ግድግዳ በተሸፈኑ ፎቆች አጠገብ ይሸፈናል፥ ወይም ተንጸባርቆ ያሳስታል። ነገር ግን ሳተላይት የሚነግረው የት እንዳለ እንጂ ፊቱ ወዴት እንደ ዞረ አይደለም። ባለበት ተንሳፍፎ ሲቆም አፍንጫው ሰሜን ይሁን ምሥራቅ የሚያውቀው በኮምፓሱ ነው። እንግዲህ ኮምፓሱ ዘጠና ዲግሪ ቢሳሳት የሚሆነውን አስቡት። ነፋስ ድሮኑን አንድ ሜትር ወደ ሰሜን ይገፋዋል፤ ሳተላይቱ ይህን በትክክል ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩ ወደ ደቡብ ልመለስ ብሎ ያዝዛል፥ ነገር ግን ደቡብ የመሰለው አቅጣጫ በእውነቱ ምሥራቅ ስለሆነ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ይህንንም አዲስ ስሕተት ለማረም ሲል ደግሞ ወደ ሌላ የተሳሳተ አቅጣጫ ይጣደፋል፤ እንዲህ እያለ እርማቱ ሁሉ ስሕተት እየጨመረ፥ ድሮኑ በክብ ይዞራል፥ ክቡም እየሰፋ፥ ፍጥነቱም እየበረታ ይሄዳል። ከሩቅ የሚያየው ሰው ያበደ ይመስለዋል።

ይህን ስሕተት የሚያመጣው ብረት ነው። በአዲስ አበባ ድሮን ለማስነሣት የሚመረጠው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የፎቅ ሰገነት ወይም የመኪና ኮፈን ሲሆን፥ ሰገነቱ በውስጡ የአርማታ ብረት አለው፥ አጠገቡም የቆርቆሮ ጣሪያ ይገኛል፤ ለኮምፓስ ከዚህ የከፋ ቦታ ለማግኘት ያስቸግራል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ስክሪኑ «ኮምፓሱን አስተካክል» ባለ ጊዜ እዚያው ብረቱ ላይ ቆሞ ማስተካከል ነው፤ ስሕተቱን በመሣሪያው ልብ ላይ መጻፍ ይሆናልና። ማስተካከያው ከብረት በራቀ ገላጣ ሜዳ ላይ ይሁን፤ ከመነሣቱም በፊት በስክሪኑ ካርታ ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው አቅጣጫና በዓይን የሚታየው የድሮኑ አፍንጫ አንድ መሆናቸው ይረጋገጥ፤ ከተነሣም በኋላ ሦስት ወይም አራት ሜትር ላይ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቁምና ይታይ፤ መሽከርከር ከጀመረ ወዲያው ይውረድ። እኔ ከቅድመ በረራ ሥርዓቶች ሁሉ አንዱን ብቻ ጠብቁ ብባል የምመርጠው ይህን የግማሽ ደቂቃ ትዕግሥት ነው።

ቀድሞ ያልታየው ስሕተት በአየር ላይ ሲገለጥ ግን፥ በድንጋጤ ወደ መነሻው የመመለሻውን ቁልፍ የሚጫን ሰው ነገሩን ያብሰዋል፤ መመለሻው ራሱ የሚመራው በዚያው በተሳሳተው ኮምፓስ ነውና። ሬዲዮው በተቋረጠ ጊዜ ያዳነው እርምጃ እዚህ ያጠፋል። የሚገባው ተቃራኒው ነው፤ ድሮኑ ሳተላይቱን ትቶ ሚዛኑን ብቻ እየጠበቀ የሚበርበት ሁኔታ ካለው ወደዚያ ማዛወርና በእጅ መምራት ያስፈልጋል። በዚህ ሁኔታ ድሮኑ ባለበት አይቆምም፥ ነፋሱ እንደ ወሰደው ይንሸራተታል፤ ለትእዛዝ ግን ይገዛል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በጭንቅ ሰዓት የሚሞክረው ሰው አይችለውም፤ ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ማለዳ፥ ሰው በሌለበት ሜዳ፥ በዝቅታ አስቀድሞ ሊለማመደው ይገባል። አንዳንድ ትንንሽ ድሮኖች ይህ ሁኔታ የላቸውም፤ ለነርሱ ያለው መንገድ ትእዛዙን አለስልሶ፥ ከሥር ባዶ ቦታ በተገኘበት ፈጥኖ ማሳረፍ ነው።

ሦስተኛው መጋጠሚያ፥ የኃይሉ ነገር፥ በቀላል ሒሳብ ይገባል። በሰከንድ 15 ሜትር የሚበር ድሮን በሰከንድ 10 ሜትር ከሚነፍስ ነፋስ ጋር አብሮ ሲሄድ፥ ከምድር አንጻር በሰከንድ 25 ሜትር ይጓዛልና 1,500 ሜትር ለመራቅ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ በዚያው ነፋስ ላይ ሲመለስ ግን የሚቀረው ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜትር ብቻ ስለሆነ አምስት ደቂቃ ያስፈልገዋል። በመሄጃው የተደሰተው አብራሪ በመመለሻው ባትሪው በዓይኑ ፊት ሲያልቅ ያያል። ነፋስ ደግሞ በ100 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ከመሬት አጠገብ ከሚሰማን ይልቅ የበረታ ነው። ስለዚህ ጉዞ ሲጀመር አስቀድሞ ነፋሱን ተቃውሞ መሄድ፥ ሲመለሱ ነፋሱን ከኋላ ማድረግ ይገባል፤ ከሩብ ያላነሰ ባትሪ ሳለ ማሳረፍም ልማድ ይሁን። በነፋስ ተይዞ የቆመ ድሮን ወደ ዝቅታ ቢወርድ ብዙ ጊዜ ይለቀቃል፥ በታች ነፋሱ ደካማ ነውና።

እኛ ከፍ ባለ ምድር ላይ የምንኖር ሕዝብ ነንና የአየሩን መሳሳትም ልንዘነጋ አይገባም። በአዲስ አበባ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው በአምስት እጅ አንዱን ያህል፥ በሰሜን ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው ደግሞ ሲሶውን ያህል የሳሳ ነው፤ ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለበት፥ ባትሪው ፈጥኖ ያልቃል፥ ለድንገተኛ ነፋስ መቋቋሚያ የሚተርፈውም ኃይል ያንሳል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የበረራ ደቂቃ በደጋ አይገኝም። በደጋ ማለዳ ብርድ ደግሞ የሊትየም ባትሪ ውስጣዊ መቋቋሙ ስለሚጨምር፥ በሙሉ ኃይል በተጠየቀ ጊዜ ቮልቴጁ በድንገት ይወድቅና ስክሪኑ 40 በመቶ ሲል የነበረው ድሮን ወዲያው ማረፍ ይጀምራል፤ ባትሪውን እስከ መነሻው ሰዓት በልብስ ውስጥ ማሞቅ፥ ከተነሣ በኋላም አንድ ደቂቃ ያህል ሳያስጨንቁ ማቆየት ይረዳል። በዳሎል የሚያበር ሰው ተቃራኒው ያጋጥመዋል፤ ብዙ ፋብሪካዎች ለድሮናቸው የወሰኑት የሙቀት ጣሪያ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፥ እዚያ የቀኑ ሙቀት ይህን ደጋግሞ ይሻገራል።

ቀጥ ብሎ በፍጥነት የሚወርድ ድሮን ደግሞ የገዛ ፕሮፔለሮቹ ወደ ታች በገፉት የተናወጠ አየር ውስጥ ይገባና እየተንቀጠቀጠ ይወድቃል፤ ሞተሩን ማበርታት አያወጣውም፥ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን መሄድ ግን ያወጣዋል፤ ስለዚህ አወራረዱ ሰያፍ ይሁን። ጭልፊት ወይም ጥንብ አንሳ ሲመጣበት ወደ ላይ ይውጣ፥ ወፎች ሲወርዱ እጅግ ፈጣኖች፥ ቀጥ ብለው ሲወጡ ግን ዝግተኞች ናቸውና። የተሰነጠቀ ፕሮፔለር ይጣል። ባለአራት ሞተሩ ድሮን አንዱ ሞተር ከሞተበት ተሽከርክሮ ከመውደቅ በቀር ተስፋው ትንሽ ነው፤ ባለስድስቱና ባለስምንቱ ሊተርፉ ይችላሉ፥ ለዚህም ነው ውድ ካሜራ የሚሸከሙት ብዙ ጊዜ እንደነዚህ ያሉት የሆኑት።

ከመሣሪያው ወደ ሰው ስንሻገር፥ የሚታየው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ የአቅጣጫ መጥፋት ነው። ድሮኑ ፊቱን ወደ አብራሪው ሲያዞር ቀኙ ግራ፥ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ሦስት መቶ ሜትር ሲርቅ ደግሞ አፍንጫው ከጭራው አይለይም። «ወደ እኔ ና» ብሎ የሚያዝዘው ሰው ሲርቅበት ያያል፥ ደንግጦም ዘንጉን ይበልጥ ይገፋል። እዚህ የሚያድነው ተግባር ከምንም አስቀድሞ እጅን ከዘንጎቹ ማንሣት ነው፤ ኮምፓሱና ሳተላይቱ ደኅና ከሆኑ ድሮኑ ባለበት ይቆማል። ከዚያም በካርታው ቀስት አፍንጫው ከአብራሪው ርቆ ወደ ውጭ እስኪያይ ድረስ በቀስታ ማዞርና ወደ ኋላ መሳብ ይገባል። ከአብራሪው አጠገብ ሁለተኛ ሰው ቆሞ ዓይኑን ከሰማይ ሳይነቅል ቢጠብቅ ትልቅ ረድኤት ነው፤ ስክሪኑን የሚያየው ሰው ድሮኑን አያይምና።

ስለ ዓይን የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። መስከረም 11 ቀን 2010 ዓ.ም.፥ ማለት ሴፕቴምበር 21 ቀን 2017፥ በኒውዮርክ ስታተን አይላንድ አጠገብ አንድ ፋንተም 4 ድሮን ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። አብራሪው ድሮኑን አራት ኪሎ ሜትር ያህል ከዓይኑ አርቆ በስክሪን ብቻ ይመራው ነበር፤ የሄሊኮፕተሩ ዋና ምላጭ ቢጎዳም በደኅና አረፈ፤ ሰውዬው ግን ድሮኑ ሳይመለስ በቀረ ጊዜ ውኃ ውስጥ የወደቀ መስሎት ነበርና፥ መጋጨቱን መርማሪዎቹ እስኪነግሩት ድረስ አላወቀም። ሬዲዮው ደኅና፥ ኮምፓሱም ደኅና ሊሆን ይችላል፤ በዙሪያው የሚሆነውን የማያይ ሰው ግን በእኔ ፍርድ ድሮኑን ያጣው ከመጋጨቱ እጅግ አስቀድሞ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ ጥር 18 ቀን 2007 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 26 ቀን 2015) ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፥ በዋሽንግተን ከአብራሪው ቁጥጥር የወጣ አንድ ትንሽ ድሮን በኋይት ሐውስ ግቢ ሣር ላይ ወድቆ ነበር፤ የድሮኑ ፋብሪካ ዲጄአይም ብዙ ሳይቆይ ከከተማይቱ መካከል 25 ኪሎ ሜትር ዙሪያውን ድሮኖቹ እንዳይበሩበት የሚያግድ ሶፍትዌር አወጣ። በአሜሪካ በአውሮፓውያኑ 2016 ሥራ ላይ የዋለው የትንንሽ ድሮኖች ደንብ አብራሪው ድሮኑን በዓይኑ እንዲያይና ከ400 ጫማ በላይ እንዳያወጣ፥ የአውሮፓ ኅብረት ደንብም ከ120 ሜትር እንዳያልፍ የሚያዝዙት በዚሁ ምክንያት ነው። ከውጭ አገር ድሮን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡ ወገኖቻችንም ለማስገባቱም ሆነ ለማብረሩ አስቀድሞ የመንግሥት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ሊያውቁ ይገባል።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው፥ በሥር ስላለው ሰው ወደምንናገርበት ደረስን። ታኅሣሥ 12 ቀን 2008 ዓ.ም. (ዲሴምበር 22 ቀን 2015) በጣሊያን ማዶና ዲ ካምፒሊዮ በተደረገ የበረዶ ስኪ ውድድር፥ የኦስትሪያው ማርሴል ሂርሸር ቁልቁል ሲወርድ ትልቅ የፊልም ድሮን ከሰማይ ወድቆ ከኋላው ተከሰከሰ፤ ሂርሸር ድሮኑን የቀደመው በአንድ ቅጽበት ብቻ ነበር። የዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽንም ከዚያ በኋላ በውድድሮቹ ላይ የካሜራ ድሮን ከለከለ። የአየር ግጭት ባያዘገየው ከ50 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ነገር መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በመስቀል አደባባይና በጃን ሜዳ በዓል ሲከበር፥ በሕዝብ ራስ ላይ የሚያልፍ ድሮን ምን ያህል ውብ ፊልም ቢያወጣ፥ ካህናቱና ሕፃናቱ ባልተጠየቁበት አደጋ ሥር ማለፋቸው ነውና ሊፈቀድ አይገባም ባይ ነኝ፤ ከጎን፥ ከባዶ መሬት በላይ ሆኖ ማንሣት ይቻላል።

ድሮኑ ወደ ሰዎች ሲሄድና ሌላው ሁሉ ሲያቅት፥ መሣሪያውን ለማዳን የሚደረገው ሙከራ በዚያ ይቁም። ከሥሩ ባዶ መሬት ወይም ዛፍ ሳለ መጣል፥ ወደ ሰዎቹ ደርሶ ከሚሆነው ይሻላል። በብዙ ድሮኖች ሁለቱን ዘንጎች ወደ ታችና ወደ ውስጥ አጥብቆ በመያዝ ሞተሩ በአየር ላይ ሳለ ይጠፋል፤ እያንዳንዱ አብራሪ በገዛ ድሮኑ ላይ ይህ ትእዛዝ እንዴት እንደሆነ መመሪያውን ማንበብ አለበት። ነገር ግን የመጨረሻው መከላከያም መፈተን ያሻዋል። ጉድዉድ ላይ አደጋው በደረሰበት በዚያው ዓመት በሜይ ወር፥ በስዊዘርላንድ ዙሪክ የሕክምና ናሙና ለማመላለስ የተሰማራ ድሮን ችግር ሲደርስበት ፓራሹቱ ቢዘረጋም የሚይዘው ገመድ በመበጠሱ፥ ልጆች ከሚጫወቱበት ብዙ ሳይርቅ ጫካ ውስጥ ተከሰከሰ። ገመዱን ማንም ክፉ ሰው አልቈረጠውም፤ የፓራሹቱ መኖር ብቻ ስለታመነበት ገመዱ የሚነካው ምን እንደሆነ በበቂ አልታየም።

ድሮኑ ወደ አየር ጣቢያ አቅጣጫ ካመለጠ፥ ኀፍረት ሳይዘው ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ወዲያው መናገር የአብራሪው ግዴታ ነው። ሊነግራቸው የሚገባውም ወዴት እንደሄደ፥ በስንት ከፍታ እንደ ነበረና ባትሪው ለስንት ደቂቃ እንደሚበቃው ነው፤ ይህ ሦስተኛው በተለይ ሰማዩን እስከ መቼ መዝጋት እንዳለባቸው ያስረዳቸዋል። በሰው ማሳ ወይም ግቢ ከወደቀም ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ዘልሎ መግባት አይገባም። የወደቀውን ባትሪ ያበጠ ወይም የተወጋ ከሆነ በባዶ እጅ አለመንካት፥ ወደ ቤትና ወደ መኪናም አለማስገባት ያስፈልጋል፤ የተጎዳ ሊትየም ብዙ ቆይቶ ሊነድድ ይችላልና፥ በውጭ በአሸዋ መካከል ይቀመጥ፥ ደግሞም አይሞላ።

በመጨረሻ የበረራው መዝገብ ይነበብ። ድሮኑ ራሱና ሪሞቱ የየቅጽበቱን ቮልቴጅ፥ የሳተላይቶቹን ቁጥር፥ የኮምፓሱን አቅጣጫና ከእጅ የተቀበለውን ትእዛዝ ሁሉ መዝግበው ይይዛሉ፤ በዚህም መዝገብ ላይ አስቀድሞ የወደቀው ቮልቴጁ ይሁን፥ የተሳሳተው ኮምፓሱ ይሁን፥ ወይስ ዘንጉን ወደማይገባው ወገን የገፋው እጅ ይሁን፥ በሰከንድ ክፍልፋይ ተለይቶ ይገኛል። ድሮኑን ለመጠገን ወደ ባለሙያ የሚወስድ ሰው መዝገቡን ሳይደመስስ አብሮ ይውሰድ።